ከጉማራ እስከ ርብ፦ የቤት ነገር በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር አገሩ በአንዴ ይዘረጋለታል። በስተቀኝ ኮረብታው ወደ ደብረ ታቦር ይሸሻል፤ በስተግራ እስከ ጣና ዳር ድረስ ዓይን የሚከልል ነገር የለም። የጥቅምት ወር ነበርና ሩዙ ወደ ቢጫነት መዞር ጀምሯል። ውኃው ገና ባልጠፈፈበት ዝቅተኛ ቦታ የፎገራ ከብቶች እስከ ጉልበታቸው ረግረግ ውስጥ ገብተው ይግጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት የተነሳ መንገዱ እየተከፈተ እየተዘጋ ስለሚውል፣ ሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ መስኮት መስኮቱን እያየን ብዙም ሳንነጋገር ወረታ ገባን።

የመጣሁት የቤትን ነገር ለማየት ነው። ስለ ቤት እጥረት ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው አዲስ አበባን ነው። ኮንዶሚኒየሙ፣ ዕጣው፣ የተመዝጋቢው ብዛት፣ የፈረሰው ሰፈር በጋዜጣ በየጊዜው ይጻፋል። እንደ ወረታ ያሉ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከመንገድ ዳር ገበያነት ወደ ከተማነት የተሻገሩ ቦታዎች ግን ስማቸው እምብዛም አይነሳም። ነዋሪው የሚሰቃየው በዚያው ችግር ነው።

ወረታን ያሳደጋት ሩዝ ነው። ይህ ሜዳ ቀድሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት ግጦሽ ነበር፤ ጤፍ ቢዘራበት ይበሰብሳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩበት። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቀበሌ ነው። ከዚያ ወዲህ ውኃው ከጠላትነት ወደ ሀብትነት ተቀየረ። ዛሬ ፎገራ በአገሪቱ የሩዝ እርሻ ግንባር ቀደም ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም የሚገኘው እዚሁ ነው። ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ በመስኖ ደግሞ ሽንኩርት ይለማል። በዋናው መንገድ ዳርና ዳር የሩዝ መፈልፈያዎቹ ሲያጓሩ ይውላሉ፤ ገለባው ከቤቱ ጀርባ ተከምሮ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሰፈሩን ያለብሰዋል። በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራው የወልድያ መንገድ የሚገነጠለውም ከዚሁ ከተማ ነው። ደረቅ ወደብም ተጨምሮባታል። ነጋዴው፣ ደላላው፣ ሹፌሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ወደዚህ ይመጣል።

ከገጠሩ የሚመጣውን ወጣት የሚገፋው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሕፃን የነበረ ወይም ገና ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ትዳር የሚይዝበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። አባቱ ያችን ቁራሽ መሬት ከፍሎ ቢሰጠው ለሁለቱም አትበቃም። ስለዚህ ጎጆ መውጣት ያማረው ወጣት ከተማ ይገባና ባጃጅ ይነዳል፣ ጆንያ ይሸከማል፣ ሽንኩርት ይነግዳል። ወደ ሰፈር ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር ከነዚህ አንዱ ነው። «ጋሼ፣ መሬት ላይ ተወልጄ መሬት የለኝም» አለኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሚስት ለማግባት መጀመሪያ ከዚያች ክፍል መውጣት አለበት።

ያደርኩት አንድ መምህር ዘመዴ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ የጭቃ ክፍሎች አሉ፤ በየበሩ ከሰል ምድጃና የውኃ ጀሪካን። እሱ፣ ባለቤቱና ሁለት ልጆቻቸው የሚኖሩት በአንዷ ክፍል ነው። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሳሎንም ወጥ ቤትም የልጆቹ መኝታም ነው። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው። ሌሊት አይጥ በላዩ ሲሮጥ ይሰማል፤ ትንሿ ልጅ ግን ለምዳው እንቅልፏን ትተኛለች። ወለሉ መሃል ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። መምህሩ በየዓመቱ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ በየዓመቱ ይከፈታል።

ስንጥቁን ያመጣው አፈሩ ነው። ፎገራ ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለሩዝ የተመቸው አፈር ለቤት አይመችም። በዋልካ ላይ ደህና ቤት ለመሥራት ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ፣ ገረጋንቲ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ በላዩ የድንጋይ መሠረት መጣል ያስፈልጋል። ድንጋዩም ገረጋንቲውም ከኮረብታው በመኪና ይመጣል። አንድ ድሃ ሰው ግድግዳና ጣሪያ ከማሰቡ በፊት ገንዘቡ ምድር ውስጥ ያልቃል። ያለ መሠረት የሚሠራ ደግሞ እንደ ዘመዴ አከራይ ቤቱ በየዓመቱ ይከፈትበታል።

«ኪራይ የሚጨምረው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት ባለቤቱን። «ሩዝ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው» አለች። «የቀን ሠራተኛው ይመጣል፣ ነጋዴው ይመጣል። አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሌላ ሰው እጥፍ እሰጣለሁ ሲላቸው ምን ያድርጉ?» መምህሩ ስለ ኪራይ አዋጁ በሬዲዮ ሰምቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔ እደግፈዋለሁ። ግን ይህ ቤተሰብ ከአከራዩ ጋር የተዋዋለው በቃል ነው። የተጻፈ ነገር የለም፤ ጻፉልን ቢሉ ቤቱን ለቀው ሌላ ፍለጋ መውጣት እንዳይመጣ ይፈራሉ። ተከራይን የሚጠብቅ ሕግ ቤት በሌለበት አገር ጉልበት አይኖረውም። የሚጠብቀው ቤት ሲበዛና አከራይም ተከራይ ሲፈልግ ነው።

የዘመዴ ተስፋ ያለው በቤት ማኅበሩ ነው። ከሌሎች መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ጋር ተደራጅቶ፣ በማኅበሩ ስም በዝግ ሂሳብ ገንዘብ አስቀምጦ ቦታ ይጠብቃል። በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች የክልሉ ከተሞች እንዲህ ተደራጅቶ ዓመታት የጠበቀው ሕዝብ ብዙ ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሬት በጨረታ ብቻ ሳይሆን በምደባም እንዲሰጥ በር ከፍቷል፤ መንግሥት የፈቀደው የራስ አገዝ የቤት ግንባታ አንዱ የምደባ ምክንያት ነው። በሩ በወረቀት ላይ አለ። ሰዉን ያቆመው ከበሩ ወዲያ ያለው ነገር ነው፦ ለገበሬው የሚከፈል ካሳ፣ መንገድ የሚቆርጥ ማሽን፣ ውኃ የሚዘረጋ ቧንቧ፣ ፋይሉን ወደፊት የሚያንቀሳቅስ እጅ። ገንዘቡም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ሲያስቀምጡት ቤት ይጨርሳል የተባለው ብር ዛሬ መሠረቱን አያወጣም። ዘመዴ ይህን ሲነግረኝ አልተማረረም፤ ደብተሩን አውጥቶ የከፈለበትን ቀን አንድ በአንድ አሳየኝ።

በአገራችን መንግሥት ቤትን በእጁ አድርጎ ያውቃል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው የመጣው በዚያ ነው። ኪራዩ ትንሽ ሆኖ ለድሃው ጥላ ሆኖታል፣ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሚጠግነው ጠፍቶ አብዛኛው እያዘመመ ቀረ፤ አዲስ የሚጨምርም እምብዛም አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጣ። በክልል ከተሞችም ተጀምሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ቆመና አዲስ አበባ ብቻዋን ቀጠለች። ወረታን በመሰለ ከተማ የሚኖር ሰው እንግዲህ የቀረው ጉልበቱና ጎረቤቱ ነው።

በማግስቱ ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ወረድኩ። ርካሽ ቦታ የሚገኘው እዚያ ነው። በደላላ ከገበሬ የተገዛ፣ ካርታ የሌለው፣ ሌሊት የተሠራ ጨረቃ ቤት እዚህም እዚያም ይታያል። አንዲት ባልቴት ደጃፋቸው ላይ ሩዝ አስጥተው ዶሮ ሲከላከሉ አገኘኋቸውና ሰላምታ ሰጠሁ። «ግባ፣ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም» አሉኝ። ከገባሁ በኋላ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከመሬት እስከ ወገቤ ድረስ ምርጉ ጥቁር ነው፤ ከዚያ በላይ ቀላ ያለ። መስመሩ በገመድ የተለካ ያህል ቀጥ ብሎ አራቱን ግድግዳ ይዞራል። «የርብ ውኃ ነው» አሉኝ። ክረምት ሲጠና እህሉን ቆጥ ላይ ይሰቅላሉ፣ ልጆቹን ኮረብታ ዳር ወዳሉ ዘመዶቻቸው ይሰዳሉ፣ እሳቸው ግን ንብረት ጠባቂ ሆነው ይቀራሉ። በ1998ቱ ጎርፍ የቀድሞ ቤታቸው ፈርሶባቸዋል። በ2012 ክረምት ማለቂያ ደግሞ ጣና ሞልቶ ርብና ጉማራ በየዳራቸው ሲያፈሱ ይኸኛው ቤት ውስጡ ውኃ ተኛበት፤ አልወደቀም።

የርብ ጠባይ ብዙ ተጠንቷል። ወንዙ ከጉና ተራራ በኩል የተሸከመውን ደለል ሜዳው ላይ ሲደርስ ይጥለዋል፤ አልጋው ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ይሄዳል። አልጋው ከፍ ሲል ውኃው ዳሩን ዘልቆ ይወጣል። ገበሬው በየዳሩ አፈር እየከመረ ይከላከላል፤ አንዱ ዳር ሲጠነክር ውኃው ወደ ሌላው ይዞራል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የተገነባው የርብ ግድብ ለመስኖ ታስቦ ነው፤ ጎርፉንም ያለዝባል፤ ከግድቡ በታች ከሚገቡት ገባሮች የሚመጣውን ውኃ ግን አይይዘውም። እዚህ ሜዳ ላይ ቤት መሥራት ማለት እንግዲህ ከወንዝ ጋር መከራከር ነው። ደሃው ወደዚያ የሚሄደው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። ባልቴቷ ርብን ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቁታል። የሚሄዱት ውኃ የማይደርስበት መሬት ዋጋው ስለማይደረስበት ነው። ይህ የጉዞዬ ዋና ነገር ነው፦ በወረታ የቤት ችግር የሚባለው በእውነቱ የደረቅ መሬት ችግር ነው።

ግድግዳና ጣሪያ ማቆም ይህ ሕዝብ ያውቅበታል። ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ባለ አንድ ቀበሌ አዝመራው ሳይሰበሰብ ባለችው ክፍተት ውስጥ ለአንድ ጎጆ ወጪ ወጣት ደቦ ተጠርቶ ደረስኩ። የባሕር ዛፉ ቋሚ ቀድሞ ተተክሏል፤ መሬት የሚገባው ጫፉ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ተቀብቷል። ማገሩ ተመቷል፣ ቆርቆሮው ተከድኗል። የዚያን ቀን ሥራ ምርጉ ነበር። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ቆይቷል፤ ሽታው ጎምዛዛ ሆኗል፣ እንደዚያ ሲሆን ነው ግድግዳ ላይ የሚይዘው። ወጣቶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው በእግራቸው ይረግጡታል፣ አንዱ ያዜማል ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሴቶቹ ከምንጭ ውኃ ይቀዳሉ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው የጭቃ ጉርሻ እየወሰዱ ማገሩ መሃል ይወረውራሉ፤ ከውስጥም ከውጭም እኩል ካልተመታ ሲደርቅ ይለቃል እያሉ ልጆቹን ያርማሉ። ከቀትር በኋላ ጠላና ንፍሮ ቀረበ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራቱ ግድግዳ አለቀ። የቤቱ ባለቤት ለእጅ ሥራው ብር አልከፈለም፤ የሚከፍለው በየሰው ደቦ ላይ በመቆም ነው።

ያ ወጣት ቤት ያገኘው አባቱ ከኮረብታው ሥር ቁራሽ ደረቅ መሬት ስለነበራቸው ብቻ ነው። ደቦ ከወጡት ወጣቶች ሦስቱ ወረታ ውስጥ በኪራይ የሚኖሩ ናቸው፤ ለጓደኛቸው ሊሠሩ መጡ። እነሱም እንዲህ ሊሠሩ ይችላሉ፤ እጁም ዕውቀቱም አላቸው። የጎደለው የሚቆሙበት ቦታ ነው።

ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አለምበር አጠገብ አውራምባ አለች። ዙምራ ኑሩና ጥቂት ሰዎች በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት ማኅበር ናት። በሴትና በወንድ እኩልነቷ፣ በሥራ ወዳድነቷና በሽመናዋ ብዙ ተጽፎላታል፤ እኔ የሄድኩት ቤቶቿን ለማየት ነው። በደርግ መጨረሻ ዘመን አባላቷ ተሰደው ወደ ቦንጋ አካባቢ ሄደው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸው አብዛኛው በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቃቸው፤ የቀራቸው 17 ሄክታር ተኩል ገደማ ነው። ይህ ለሚያርስ ሕዝብ የሚበቃ አይደለምና ወደ ሽመና ዞሩ። ባለቻቸው ትንሽ መሬት ላይ ግን ቤታቸውን በሥርዓት ሠሩ፦ በረድፍ የቆሙ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች፣ ጠባብ ግን ንጹሕ፣ ምድጃውና መቀመጫው ከጭቃ የተቀረጸ። ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌዎች የተለየ ቤት አላቸው፤ አልጋው ተነጥፎ፣ ተራ የወጣላት ሴት ወይም ወንድ እያጠበና እያበላ ይጦራቸዋል። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ ገቢው ለአቅመ ደካሞች ይውላል። ስለ እምነታቸውና ስለ አኗኗራቸው የሚስማማም የማይስማማም አለ። ቤት አልባ ሰው ግን በመሃላቸው አላየሁም።

አውራምባን ሁሉም ሰው ይምሰል አልልም፤ ሰው እንደየልማዱ ነው የሚኖረው። ለፎገራ ገበሬ ደቦው፣ ዕድሩና የጽዋ ማኅበሩ አሉለት። በክረምት የበጎ ፈቃድ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ በየዓመቱ እናያለን፤ ቆርቆሮ ከነጋዴው፣ ጉልበት ከተማሪው ይመጣል። መልካም ነው። ግን የሚታደሰው ቤት ውኃ በሚተኛበት ቦታ ከሆነ በሚመጣው ክረምት እንደገና ማደስ ይሆናል።

ሩቅ አገር ይህን መንገድ የሄደ አለ። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ያለችው ትንሿ ኡራጓይ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቤት ሕግ ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በገዛ ጉልበታቸው የሚሠሩበትን ሥርዓት ዘረጋች። መንግሥት ረጅም ብድር ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት 21 ሰዓት ጉልበቱን ያዋጣል። ቤቱ ሲያልቅ ማንም አይሸጠውም፣ የማኅበሩ ነው፤ አባሉ የመኖር መብቱን ለልጁ ያወርሳል። በኋላ የሞንቴቪዴዮ ከተማ ለእነዚህ ማኅበራት መሬት ለይቶ ማስቀመጥ ጀመረ። እኛ ብንጠራው ደቦ ነው የምንለው። ልዩነቱ እነሱ ደቦውን በሕግ፣ በብድርና በመሬት መደገፋቸው ነው።

የወረታ ከተማ አስተዳደር ይህን ማድረግ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ካለው ከፍታ ላይ ውኃ የማይደርስበት መሬት ለይቶ፣ ለገበሬው የሚገባውን ካሳ ከፍሎ፣ መንገድና የውኃ መስመር አስቀድሞ ዘርግቶ በማኅበር ለተደራጁት ይስጥ። ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለባጃጅ ሹፌሩም፣ ሩዝ ለምትለቅም ሴትም፣ ጎርፍ ዳር ላሉት ባልቴትም። ከሁሉም በላይ የእንጨትና የጭቃ ቤትን አይናቅባቸው። የድንጋይ መሠረት ያለው፣ ጣሪያው ግድግዳውን አልፎ የወጣ የጭቃ ቤት የአባቶችን ዕድሜ ይቆያል። ሲሚንቶ በተወደደበትና መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ሰውን ብሎኬት ካላመጣህ ቤት አትሠራም ማለት አትሠራም ብሎ መከልከል ነው። መሠረቱ በደንብ ይጣል፤ በዚህ አስተዳደሩ ይጨክን። ግድግዳውን ደቦው ያቆመዋል።

ፎገራ ተወልዳችሁ አዲስ አበባና ውጭ አገር ለምትኖሩም አንድ ቃል አለኝ። ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ግንባታ፣ ለትምህርት ቤት ማዋጣቱን ታውቁበታላችሁ። ከእንግዲህ ስታዋጡ ለመሠረት ድንጋይና ለገረጋንቲ አዋጡ። የአንድ ማኅበር አባላት ቤታቸውን ለመጀመር የሚያቅታቸው ያ ነው፤ ሌላውን በእጃቸው ይሠሩታል።